የሲቪ ጆይንት ላስቲክ ሲቀደድ



ምእመናን ለርዳታና ለልማት ሥራ የሰጡት ገንዘብ የወጣበትን ሒሳብ በየዓመቱ ስናቀርብ፣ «የተሽከርካሪ ጥገና» ከሚለው መስመር ላይ ስንደርስ እጅ ይነሣል። ገንዘቡ የተሰጠው ለዘር፣ ለመድኃኒትና ለውኃ ጉድጓድ ሆኖ ሳለ ስለ ምን በጋራዥ ያልቃል? የሚል ነው ጥያቄው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሰጠ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። እኛም በጠቅላላ አነጋገር ከመመለስ ይልቅ ከመኪናው ዕቃዎች አንዱን መርጠን ሥራውን፣ ብልሽቱንና ጥገናውን ብናስረዳ ይሻላል ብለን አሰብን። ሾፌሮቻችንና የፕሮጀክት ኃላፊዎችም በዚሁ አጋጣሚ የሚጠቀሙበት ነገር እንደሚያገኙ ተስፋ እናደርጋለን። የመረጥነው ዕቃ በዋጋው ከሁሉ ከሚያንሱት አንዱ ሲሆን፣ በቸልታ ሲታለፍ ግን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነው። ይኸውም የሲቪ ጆይንት ላስቲክ ነው።

የሞተሩ ኃይል በካምቢዮና በዲፈረንሻል አልፎ ወደ ጎማ የሚደርሰው በብረት ዘንግ ነው። የፊት ጎማ መኪናውን የሚጎትት ከሆነ ግን ሥራው ይከብዳል። እየተሽከረከረ ይጎትታል፤ መሪው ወዳዘዘው ወገን ይታጠፋል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ይወርዳል፣ ይወጣል። ቀጥ ያለ ዘንግ ይህን ሁሉ ሊከተል አይችልም። ስለዚህ በዘንጉ ሁለት ጫፎች፣ እንደ ሰው ትከሻ ወደየአቅጣጫው የሚታዘዝ መጋጠሚያ ይደረግበታል። በቀድሞው ዘመን የነበረው የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ፣ ዘንጉ በብዙ በታጠፈ ጊዜ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ መሪውም በሾፌሩ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሲቪ ጆይንት የተባለው ግን የቱንም ያህል ቢታጠፍ የገባበትን ፍጥነት ሳያዛባ ያስተላልፋል፤ ስሙም «እኩል ፍጥነት» ማለት ነው።

ዛሬ በአብዛኛው የምናየውን ዓይነት ያወጣው አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ በፎርድ ኩባንያ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነበር። በአንድ የብረት ጽዋ ውስጥ ስድስት የብረት ኳሶች በተፈለፈለላቸው ቦይ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ኃይሉ ሁሉ የሚያልፈው በእነዚህ ስድስት ኳሶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሚኒ የተባለችው ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ይህን መጋጠሚያ ይዛ በብዛት ከወጣች ወዲህ፣ በፊት ጎማ የሚጎተቱ ትናንሽ መኪናዎች ዓለምን ሞልተዋል። በከተሞቻችን የምናያቸው ቪትዝና ያሪስ ሁሉ የሚሄዱት በዚሁ ነው።

ኳሶቹና ቦዮቹ እጅግ የለሰለሱ ናቸው፤ ያለ ግራሶ ለረጅም ጊዜ ሊቆዩ አይችሉም። ግራሶውን በውስጥ የሚይዘው፣ አቧራውንና ውኃውን በውጭ የሚያስቀረው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ላስቲክ ነው። ሰፊው አፉ በጽዋው ላይ፣ ጠባቡ አፉ በዘንጉ ላይ በብረት ማሰሪያ ይታሰራል። ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም። ኃይል አያስተላልፍም፤ ክብደት አይሸከምም። መኪናው ላስቲኩ ተቀድዶም ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ጭነቱን ያደርሳል። አደገኛነቱም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምንም አይሰማውም።

ሁሉም የፕሮጀክት መኪና ይህ ላስቲክ አለው ማለት አይደለም። በብዙ ጣቢያዎቻችን ያለው ባለ ጠንካራ ፊት አክስል ላንድ ክሩዘር፣ ማለት የ70 ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ መጋጠሚያው በክብ የብረት ቤት ውስጥ ተደብቆ ግራሶ ይሞላበታል፤ የሚዘጋውም ከኋላው ባለው ክብ መጥረጊያ ላስቲክ ነው። በዚያ መኪና የሚታየው ብልሽት ሌላ ነው፤ ከዲፈረንሻሉ የሚወጣ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ በክቡ ቤት ላይ ሲፈስ ይታያል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጣው ባለ አራት ጎማ ጉልበት ሂሉክስ፣ በፕራዶ፣ እንዲሁም በትናንሾቹ የቤት መኪናዎች ግን ላስቲኩ በግልጽ ተጋልጦ ይታያል። እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ስላለው፣ በፊት በኩል ብቻ አራት ላስቲክ መቁጠር ይገባል።

ከአራቱ ቶሎ የሚቀደዱት ወደ ጎማው የቀረቡት ሁለቱ ናቸው። ምክንያቱም መሪው ሲጠመዘዝ ብዙ የሚታጠፉት እነርሱ ናቸው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ የፒካፕ ጎማ በአንድ ደቂቃ ከ400 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ላስቲኩም ከእርሱ ጋር እየዞረ እጥፋቶቹ በእያንዳንዱ ዙር ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ላስቲክ ደግሞ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ በመጀመሪያ በእጥፋቱ ሥር ቀጭን ስንጥቅ ይታይበታል። በዚህ ላይ የእኛ መንገዶች አሉ። የአፋር ስለታም ጥቁር ድንጋይ፣ የቆላው የግራር ጭራሮ፣ በክረምት በእጥፋቶቹ መካከል ገብቶ የሚደርቀው የመረሬ ጭቃ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ያበረክታል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቁ ደግሞ፣ ጭነት ይዞ፣ መሪን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ፣ ሽቅብ መጎተት ምን እንደሆነ አይጠፋቸውም። ለውጪው መጋጠሚያ ከዚህ የሚበልጥ ሸክም የለም።

ላስቲኩ ሲቀደድ በውስጡ ያለው ግራሶ በዙሩ ኃይል ወደ ውጭ ይበተናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት የሚታይ እንጂ የሚሰማ አይደለም። በጎማው ውስጠኛ ገጽ፣ በቸርኬው ላይና በአካባቢው ባሉት ብረቶች ላይ ጥቁር የግራሶ ርጭት ይታያል፤ አቧራ ስለሚጣበቅበትም ቶሎ ይለያል። ይህን ለማየት ክሪክም መካኒክም አያስፈልግም። መሪውን ወደ አንድ ወገን እስከ መጨረሻው ማዞር፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ወርዶ ከጎማው ኋላ ጎንበስ ብሎ መመልከት፤ ከዚያም በሌላው ወገን እንዲሁ ማድረግ ነው። በጣት እጥፋቱን ከፈት ከፈት ማድረግ ጥሩ ነው፤ ስንጥቁ ተሸሽጎ የሚቀመጠው በዚያ ነውና። ዘይትና ውኃ በሚታይበት በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ይህም አብሮ ቢደረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ምልክት ድምፅ ነው፤ እርሱ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። መሪ ጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ከጎማው ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ድምፅ ከተሰማ፣ የውጪው መጋጠሚያ ቦዮች ተበልተዋል ማለት ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ ሲፈጥኑ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ነዳጅ ሲለቁና ሲሰጡ «ጓ» የሚል ምት ካለ ጥርጣሬው ወደ ውስጠኛው መጋጠሚያ ይሄዳል። ከዚህ ከደረሰ በኋላ አዲስ ላስቲክ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተበላ ብረት በግራሶ አይመለስም። መጋጠሚያው፣ አንዳንድ ጊዜም ሙሉው ዘንግ መለወጥ አለበት፤ ዋጋውም ከላስቲኩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

እንግዲህ በፕሮጀክቶቻችን አካባቢ የምናየውን አንድ ችግር በግልጽ መናገር ይገባናል። ብዙ ጊዜ ላስቲኩ መቀደዱን ሾፌሩ አይቷል፤ በጊዜውም ተናግሯል። ጥያቄው ግን በጽሑፍ ይቅረብ ይባላል፤ ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ይባላል፤ ፈራሚው ለስብሰባ ሄዷል፤ ሲመለስ በጀቱ ከየትኛው መስመር እንደሚወጣ ይጠየቃል። በዚህ መካከል መኪናው አይቆምም። ክትባት ይዞ ይሄዳል፤ ዝናብ ሳይቀድም ዘር ያደርሳል፤ በምጥ የተያዘች እናት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። እያንዳንዱ ጉዞ አቧራና ጭቃ በኳሶቹ መካከል ያስገባል፤ ከቀረው ግራሶ ጋር ተደባልቆም ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ፊርማው ሲያልቅ ላስቲክ ለመግዛት የተጠየቀው ገንዘብ ጥቅም የለውም፤ የሚያስፈልገው ዘንግ ነው፤ ለዘንጉም አዲስ ጥያቄ ይጻፋል። ስለ ጥቃቅን ቀበሮዎች በየመድረኩ ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ በቢሮአችን ውስጥ ግን ሲገቡ አናያቸውም።

የግዢ ሥርዓት የምእመናንን አደራ ለመጠበቅ የተሠራ ስለሆነ ይጥፋ አንልም። ነገር ግን የፕሮጀክቱ ኃላፊ ላስቲኩን፣ ማሰሪያውንና ግራሶውን ከጥቃቅን ወጪ ገንዘብ ወዲያው እንዲገዛ ሥልጣን ቢሰጠው፣ ከሥርዓቱ ጋር የሚጋጭ አይመስለንም። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ለየመኪናው ዓይነት አንድ አንድ ላስቲክ አስቀድሞ ገዝቶ በጥላ፣ ከፀሐይና ከነዳጅ ርቆ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሾፌሩም ጉድለት ሲናገር «አንተ ምን አድርገህ ነው?» ተብሎ ከተወቀሰ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል። የላስቲክ መቀደድ በአብዛኛው የዕድሜና የመንገድ ጉዳይ ነው፤ ቀድሞ ያየና የተናገረ ሰው የሚገባው ምስጋና ነው።

ወደ ጥገናው እንመለስ። ላስቲኩ ሲለወጥ ምን እንደሚደረግ የፕሮጀክት ኃላፊዎች ቢያውቁ፣ በጋራዥ የተሠራውን ለመጠየቅ ይችላሉ፤ ስለዚህ በፊት ጎማ በሚጎተት ትንሽ መኪና ላይ እንዴት እንደሚሠራ እንገልጻለን። መኪናው በጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፋሉ። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ እጅግ ጠብቆ የታሰረ ስለሆነ፣ ጎማው መሬት እንደ ረገጠ፣ ፍሬን ተይዞ ይላላል። ከዚያ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጎማው ከወለቀ በኋላ የታችኛው የኳስ መጋጠሚያ ይለቀቅና የጎማው ቋሚ ብረት ወደ ውጭ ይሳባል፤ ዘንጉም ይላቀቃል። ዘንጉ ከካምቢዮው ጭምር የሚወጣ ከሆነ ዘይት ስለሚፈስ ከሥሩ ዕቃ ይቀመጥ፤ የፈሰሰውም ያህል በኋላ መሞላት አለበት።

አሮጌው ላስቲክ ተቀድዶ ይጣላል። መጋጠሚያው ከዘንጉ የሚወጣው በውስጥ ያለችውን ትንሽ የማቆሚያ ቀለበት በማስለቀቅ፣ ወይም በእንጨትና በመዶሻ በልክ በመምታት ነው፤ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። አሁን ፍርድ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ከውስጥ ትንሽ ግራሶ ወስዳችሁ በሁለት ጣት መካከል እሹት። ለስላሳ ከሆነ ቀዳዳው በጊዜው ተገኝቷል። አሸዋ የሚሰማችሁ ከሆነ መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ኳሶቹም እየተገለበጡ ቦዮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። መስተዋት የመሰለ ቦይ ደኅና ነው። የተቦረቦረ፣ የተሰነጠቀ ወይም ከሙቀት የተነሣ ሰማያዊ መልክ ያወጣ ብረት ግን ይለወጣል። ሳያጥቡና ሳያዩ በላዩ ላስቲክ ማልበስ፣ አሸዋውን ከውስጥ ዘግቶ መተው ነው፤ ከተቀደደ ላስቲክ የሚሻል አይደለም። ይህን የሚያደርጉ ጋራዦች እንዳሉ እናውቃለን፤ ስለዚህ ኃላፊው ወይም ሾፌሩ ሲታጠብ ቆሞ ቢያይ አንነቅፈውም።

ግራሶውም የተገኘው ሁሉ አይሆንም። ለዚህ መጋጠሚያ የሚገባው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተቀላቀለበት ጥቁር ግራሶ ነው፤ ከጥሩ ላስቲክ ጋር በትንሽ ከረጢት ተመጥኖ ይመጣል። ሙሉው ከረጢት ከፊሉ በኳሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ፣ ከፊሉ በላስቲኩ ውስጥ ይገባል። ለጎማ ኩሽኔታ የሚውለውን ተራ ግራሶ መጠቀም የተለመደ ቢሆንም አንመክርም። ጠባቡ የላስቲክ አፍና ማሰሪያው በዘንጉ ላይ የሚገቡት መጋጠሚያው ከመመለሱ በፊት ነው፤ ይህን የረሳ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ማሰሪያዎቹ ከመጥበቃቸው በፊት የካቻቢቴ ጫፍ በላስቲኩ አፍ ሥር በቀስታ አስገብቶ የታፈነውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ላስቲኩ ይነፋል ወይም ይጨማደዳል፤ እንደ ተጨማደደም ዞሮ በጥቂት ጊዜ ይቀደዳል። ማሰሪያውም የሚገባው ጠፍጣፋ የብረት ማሰሪያ ነው። ሽቦ ላስቲኩን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። ትልቁ ዳዶ በመጨረሻ በመመሪያ መጽሐፉ ልክ ይጠብቃል፤ መቆለፊያው ይደረግለታል። ብዙ አምራቾች ዳዶው በአዲስ እንዲተካ ያዝዛሉ።

ዘንጉን ሳያወልቁ የሚለበስ፣ በርዝመቱ የተሰነጠቀና በማጣበቂያ ወይም በትናንሽ ብሎን የሚገጠም ላስቲክም በገበያ አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የድሮዋን ቮልስ ያሽከረከሩ ሰዎች በኋላ ዘንጎቿ ላይ የነበረውን፣ በብሎን የሚዘጋውን የተሰነጠቀ ላስቲክ ያስታውሱታል። እርሷ ላይ ጥሩ ይሠራ ነበር፤ ላስቲኩ የሚታጠፈው ጥቂት ነበርና። መሪ በሚጠመዘዝበት የፊት ጎማ ላይ ግን በማጣበቂያ የተዘጋው ስፌት ዕድሜው አጭር ነው፤ በተለይም ትንሽ ግራሶ እንኳ ነክቶት ከተጣበቀ። ለከተማ መኪና፣ ለጥቂት ጊዜ፣ እሺ። ለገጠር ፕሮጀክት አንመርጠውም። ቀዳዳውን በጎማ ማጣበቂያ መለጠፍ ደግሞ ከቶ አይያዝም።

ላስቲኩ ከጋራዥ ርቆ በመንገድ ላይ ተቀድዶ ቢገኝስ? መኪናው እዚያው መቆም የለበትም። ድንጋይና ጭቃውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ የተገኘውን ግራሶ ሞልቶ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ሰፊ ጥብጣብ ላስቲኩን ጠምጥሞ ማሰር ይቻላል። ከዚያ በዝግታ፣ መሪን እስከ መጨረሻ ሳይጠመዝዙ እስከ ቤት መድረስ ነው። ይህ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚሆን ነው።

ባለ አራት ጎማ ጉልበት ፒካፕ ያላቸው ጣቢያዎች ተጨማሪ ዕድል አላቸው። በፊት ጎማዎች መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለ፣ ሁለቱንም «ፍሪ» ወደሚለው ማዞርና በኋላ ጎማ ብቻ መሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ዘንጎቹ ስለማይዞሩ መጋጠሚያው አይበላም። መቆለፊያው በእጅ የማይዞር ሆኖ ፊቱ ከውስጥ ብቻ የሚለቀቅ መኪና ግን በሁለት ጎማ ሲሄድም ዘንጎቹ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ሾፌሩ የያዘው መኪና የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። ደግሞም በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ዘንጉ ጨርሶ ቢሰበር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮውን «ፒ» ላይ ማድረግ መኪናውን አያቆመውም። በዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ተይዞ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ።

በውጭ አገር ያሉ ማኅበረ ምእመናን መለዋወጫ ልንልክላችሁ እንወዳለን ብለው ሲጠይቁን ደስ ይለናል። ላስቲክ ለመላክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን «ለሂሉክስ» ብሎ መግዛት አይበቃም። የሻንሲ ቁጥሩን፣ የውጪው ይሁን የውስጠኛው፣ የግራ ይሁን የቀኝ መሆኑን ከጣቢያው አስቀድማችሁ አስጽፉ። ማሰሪያውና ግራሶው ያለበትን ሙሉ ጥቅል ምረጡ። ለብዙ ዓመታት በመጋዘን የተቀመጠ ርካሽ ላስቲክ እዚህ ሳይገጠም ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ጥቂት ግን አዲስ ቢሆን ይሻላል።

ላስቲኩ ከተለወጠ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከጎማው ኋላ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በማሰሪያው ጠርዝ ትንሽ እርጥበት ብቻ ከታየ ጠርጎ በማግስቱ መመልከት ነው። አዲስ ርጭት ካለ ማሰሪያው አልያዘምና መኪናው ለረጅም ጉዞ ሳይወጣ ወደሠራው ጋራዥ ይመለስ። የተለወጠበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር በመኪናው መዝገብ ይጻፍ፤ የሌላው ወገን ላስቲክም በዚያው ዕድሜ ላይ ስለሆነ ቀጥሎ የሚታየው እርሱ ነው።